ሳይወጡ የተፈረመ ወረቀት

«ግድ የለህም ሙጠሊብ፣ እንደ ባለፈው ነው። እዚያው ቢሮህ ቁጭ ብዬ እፈርምልሃለሁ።»

ይህን በስልክ ያለው ሶሬሳ ነው። የሰሙት ደግሞ ክፍሉን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ ወዲህ፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው ጣት የሚፈልጉት አያቱ ወይዘሮ ወርቄ ናቸው። ገና አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ቆርቆሮው ግን ከአሁኑ መጋል ጀምሯል። ሶሬሳ ስልክ ሲያወራ ግቢው ሁሉ የሚሰማው ልጅ ነበር። ዛሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የተናገረው። ሰው ድምፁን የሚቀንሰው ወይ ለታመመ ነው፣ ወይ ለሚያፍርበት ነገር ነው፤ እቤቱ ውስጥ ደግሞ የታመመ የለም። ወይዘሮ ወርቄ ጫማቸውን አገኙት፤ ግን አላጠለቁትም። እግራቸውን እንዳንጠለጠሉ ቀሩ።

የሶሬሳ ሥራ ክሬን ማየት ነው። ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ረጅሙ የብረት ማማ ሲቆም፣ ወይም ከተለመደው የከበደ ዕቃ ሊነሳ ሲል፣ ቡላኦስ ሰፈር ካለው ቢሮው ይላካል። ቀበቶውን ታጥቆ በመሰላሉ እስከ ጫፍ ይወጣል፤ ቡሎኑን በእጁ ይነካል፣ የብረት ገመዱን ይዳስሳል፤ ከዚያ ወርዶ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ብሎ ይፈርማል። እሱ ሳይፈርም ክሬኑ አይንቀሳቀስም። የዚህ አገር የባሕር ጨው ብረትን እንደ ምስጥ ውስጥ ውስጡን ነው የሚበላው፣ ካልነኩት አይታወቅም ብሎ የነገራቸውም ራሱ ነው። ታዲያ ቢሮ ቁጭ ብሎ ምኑን ነው የሚነካው?

ነገር አንዴ ጆሯቸው ከገባ እንደ አሸዋ ነው፤ የትም ይደርሳል። ልብሱን የሚያጥቡለት እሳቸው ናቸው። ድሮ ሐሙስ ሐሙስ የሥራ ሸሚዙን ሲያነሱት እጅጌውና ደረቱ ላይ ጥቁር ግራሶ ተለድፎበት ያገኙት ነበር፤ በላምባ ካልፈተጉት የማይለቅ። ከፋሲካ ወዲህ ግን ሸሚዙ ከላብ በቀር ሌላ ነገር ሸትቶ አያውቅም። እሳቸው ሞኟ፣ «ተመስገን፣ እጄ አረፈልኝ» ብለው ነበር።

ቁርስ ሲቀርቡ፣ የሠላሳ ፍራንኩን ባጌት ዳቦ ለሁለት ገምሰው ትልቁን ግማሽ ወደ እሱ ገፋ አደረጉ። እሱ ደግሞ መልሶ ገፋው። ስለ መብራት ተነጋገሩ፤ ሌሊት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጣ። ስለ ውሃ ተነጋገሩ፤ የጀሪካኑ ዋጋ እንደገና ጨምሯል።

«ዛሬ የት ነህ?»

«ሄሮን። አንቺ የምትሠሪበት፣ ማዳም ሁዳ ቤት ጀርባ ያለው ሕንፃ።»

«ትወጣለህ?»

ሶሬሳ ሻዩን አየ። «ሥራዬን እሠራለሁ እምዬ።»

ይሄ መልስ ነው? ወይዘሮ ወርቄ አራተኛ ክፍል ድረስ ድሬዳዋ ተምረዋል፤ የተጠየቀና የተመለሰ እንደሚለያይ እዚያ ሳሉም ያውቁ ነበር። እሱ ሲወጣ የግቢው በር እስኪዘጋ ጠብቀው መጋረጃውን ገለጡ። የፍራሹን ጥግ አነሱ፣ ትራሱን ጨመቁ፣ የሻንጣውን ኪስ ዳሰሱ። ገንዘብ አላገኙም፤ አለማግኘታቸው ይብስ አስደነገጣቸው፤ የደበቀ ሰው ቤት ነውና እንዲህ ንጹሕ የሚሆነው። ያገኙት ከሻንጣው ሥር የተጋደመ ባዶ ካርቶን ነው። ላዩ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር ሥዕል አለ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ዋጋው፦ አስራ ስምንት ሺህ ፍራንክ። የቤት ኪራይ ሲዘገይ አንገቱን የሚደፋ ልጅ አስራ ስምንት ሺህ ፍራንክ ከየት አመጣ? ምን ሊያይበት ነው? ካርቶኑን እንደነበረ መለሱት፤ እጃቸው ግን መመለሱን አላመነም፤ ሁለቴ አስተካከሉት።

ግቢ ሲወጡ ሽብሩ ቧንቧው ጋ ጥርሱን ይፍቃል። ሽብሩ ከፊት ለፊት ያለችውን ክፍል የተከራየ ጎረቤት ነው። ወደ የመን ሊሻገር ከወሎ መጥቶ፣ ኦቦክ ድረስ ሄዶ፣ ጀልባዋን አይቶ የተመለሰ። አሁን ሶሬሳ በስልክ ያናገረው ሙጠሊብ በሚያሠራው ሕንፃ ላይ ነው የሚሠራው፤ ክሬኑ የሚያነሳውን ዕቃ በሰንሰለት የሚያስር እሱ ነው፤ ከመንጠቆው ሥር የሚውል ማለት ነው።

«ዛሬ ጄኔሬተሩን ነው ጣሪያ ላይ የምንሰቅለው እትዬ» አላቸው አፉን እያጠበ። «ዝሆን ያክላል። ጫት ሳይገባ እንጨርሳለን ተብሏል።»

«አያስፈራህም?»

«እኔ? እኔ እኮ ከጀልባ ፈርቼ የተመለስኩ ሰው ነኝ፣ መፍራት አያሳፍረኝም!» ሳቀ። «ግን ሶሬሳ ያየው ክሬን ነው። የእርስዎን ልጅ ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?»

ወይዘሮ ወርቄ «እግዜር ይጠብቅህ» ለማለት አፋቸውን ከፍተው «ኮፍያህን አጥብቀህ እሰር» አሉት።

በሚኒባሱ ሃምሳ ፍራንካቸውን ከፍለው መስኮት ጋ ተቀመጡ። ከሰፈራቸው ከካርቲየ ሰባት እስከ ሄሮን ስንት ክሬን እንዳለ ከዚህ ቀን በፊት ቆጥረው አያውቁም ነበር። ዛሬ አንገታቸውን ባዘነበሉ ቁጥር አንድ ቢጫ ክንድ ከጣሪያዎች በላይ ተዘርግቶ ያያሉ። ከሥሩ ሰው ይሄዳል፣ ሴት ልጇን ይዛ ታልፋለች፣ ባለ ጋሪው ቆሞ ይገበያያል፤ ወደ ላይ ቀና የሚል አንድ የለም። ማን ይፈርም ማን፣ አንዱ ፈርሟል ብሎ ነው ሰው የሚሄደው።

ማዳም ሁዳ ቤት ግማሽ ቀን ነው የሚሠሩት። ድሮ አዳሪ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ሲደክም ማዳሟ «ሂጂና ከልጅሽ ጋ እደሪ» ብላ አሰናበተቻቸው፤ ደሞዙም አብሮ ግማሽ ሆነ። ሁዳ እናቷ የሐረር ሰው ስለነበሩ አማርኛዋ ይሰበራል እንጂ አይጠፋም። ወይዘሮ ወርቄ አንሶላ ሲያጣጥፉ፣ እንደ ዘበት፣ «እዚህ አገር ሳያዩ የሚፈርም ሰው አለ እንዴ?» ብለው ጠየቋት።

«የሚያይ አለ ወይ በዪኝ» አለች ሁዳ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ። «ወንድሜ መኪናው ፍሬን የላትም። ወረቀቷ ግን ከእኔ የጋብቻ ወረቀት የበለጠ ማህተም አላት።» ስቃ ስታበቃ ቀና ብላ አየቻቸው። «ምነው ወርቄ? ፊትሽ ጠቆረ።»

«ሙቀቱ ነው።»

ቅርጫቱን ተሸክመው ጣሪያ ወጡ። ከዚያ የሙጠሊብ ሕንፃ ግቢ እንደ መዳፍ ይታያል፦ ስድስት ፎቅ ያልተለሰነ ግድግዳ፣ አጠገቡ ማማው፣ ግቢው መሐል በእንጨት አጋዳሚ ላይ የተቀመጠ ግራጫ ጄኔሬተር። ክሬኑ ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ አንድ ቀጭን ሰውዬ ሆዱ ላይ ባነገተው ሪሞት ከመሬት ሆኖ ነው የሚያዘው። ወይዘሮ ወርቄ አንድ አንሶላ ሰቅለው ያያሉ፣ አንድ ትራስ ልብስ ሰቅለው ያያሉ። መሰላሉ ባዶ ነው። አራት ሰዓት ሆነ፣ ባዶ ነው። አምስት ሰዓት ሊል ሲል ሶሬሳ በግቢው በር ገባ። አንገቱ ላይ ያ መነጽር ተንጠልጥሏል። ማማው ሥር ቆሞ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ተመለከተ፤ ዞሮ በሌላ በኩል ተመለከተ፤ ከዚያ መሰላሉን አልፎት ቢሮ ወደሆነው ኮንቴይነር ሄደ። መሰላሉን ሲያልፈው ፊቱን አዞረ፤ ያበደረው ሰው መንገድ ላይ እንደገጠመው። ወይዘሮ ወርቄ ሊሰቅሉት የያዙትን አንሶላ እንደረጠበ ቅርጫቱ ውስጥ መልሰው ጣሉት። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል አሉ በሆዳቸው፣ ደረጃውን እየወረዱ።

ዘበኛው በሩ ላይ «ወዴት ነው አዬዮ?» አላቸው፤ በሶማሊኛ አያቴ ማለቱ ነው። የሁዳን የምሳ ሳህን በፎጣ ጠቅልለው ይዘው ነበር። «ለልጄ ምሳ» አሉና እሺ እስኪል ሳይጠብቁ አለፉት። ሳህኑ ውስጥ ምንም አልነበረም።

የኮንቴይነሩን በር ሲከፍቱ የኤሲው ብርድ ፊታቸውን መታቸው። ሙጠሊብ ከጠረጴዛው ኋላ ሰፊ ሆኖ ተቀምጧል፤ ሶሬሳ ከፊቱ ብዕር ይዟል። መሐላቸው ወረቀቱ። ወረቀቱ ላይ ትንንሽ ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ ፈረንሳይኛውን ማንበብ ባይችሉም ሣጥኖቹ ሁሉ አስቀድመው የራይት ምልክት እንደተደረገባቸው ለማየት ቋንቋ አያስፈልግም። የቀረው ፊርማው ብቻ ነው። ሶሬሳ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እምዬ? ምን ሆንሽ?»

«ይግቡ እማማ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይምጣልዎት» አለ ሙጠሊብ። እሱም ድሬዳዋ የተማረ ነው፤ አማርኛው ያምራል፤ ማማሩ ለወይዘሮ ወርቄ አልጣማቸውም። ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ፖስታ ፈለገ፣ ኪሱ ላይ ጉብታ ፈለገ። አጡ።

«ስንት ሰጠህ?» አሉት የልጅ ልጃቸውን።

«ማን?»

«እሱ ነዋ! የአስራ ስምንት ሺህ ፍራንክ መነጽር በምንህ ገዛህ? ከታች ሆነህ በዓይንህ እየዳሰስክ ስትፈርም የሰጠህ ስንት ነው?»

ሙጠሊብ እጁን አነሳ። «ወላሂ እማማ፣ አንድ ፍራንክ ከእኔ አልወሰደም። እኔም በነጻ ስለሆነ ነው የወደድኩት።» ሳቁን ለራሱ ብቻ ሳቀ። ሶሬሳ ግን ጆሮው ድረስ ቀላ። መነጽሩን ከአንገቱ አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«በሦስት ወር የሚከፈል ነው የገዛሁት፣ ከደሞዜ» አለ። «መውጣት ስለማልችል ነው የገዛሁት።»

«እንዴት አትችልም? ታመሃል? እግርህን ነው?»

«አንቺ ነሽ እምዬ።»

ሶሬሳ ፊቱን ወደ ወረቀቱ መልሶ ቀጠለ።

«ከፋሲካ በፊት ከማዳም ሁዳ ጣሪያ ላይ ሆነሽ ስወጣ አየሽኝ። ማታ እራት አልበላም አልሽ። በማግስቱም አልበላሽም። ‹ወርቄ ትሙት፣ ሁለተኛ እዚያ ላይ አልወጣም በል› አልሽኝ። አልኩ። ከዚያ በላሽ።»

ወይዘሮ ወርቄ አልካዱም። ብለውታል፤ አሁን ሲነገራቸው ትዝ አላቸው። ያን ቀን ልጃቸውን ሰማይ ላይ እንደ ዝንብ ተለጥፎ ሲያዩት የያዙት አንሶላ በነፋስ ሄዶ ነበር። ግን ሰው ማስማል ልማዳቸው ነው፤ «ወርቄ ትሙት አንድ ጉርሻ»፣ «ወርቄ ትሙት በላብህ ቀዝቃዛ እንዳትጠጣ»፣ በቀን አስር ጊዜ ራሳቸውን ይገድላሉ። ሰው እሺ ይላል፣ ያልፋል። ፋሲካ አለፈ፣ እሱም ያው መውጣቱን ቀጥሏል ብለው፣ ላለማየት ሲሉ ብቻ ወደ ማማው ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር ልብስ የሚሰቅሉት።

«ይሄን ነገር ብለህ ነው? ባስምልህስ? ያፌ ልማድ አይደለም እንዴ? ሽብሩን ስንቴ አስምዬዋለሁ!»

«ሽብሩ እንደኔ አይደለም።» ሶሬሳ ብዕሩን ከፍቶ ዘጋው። «ስምንት ዓመቴ ነበር። ‹እናቴ ትሙት ስኳሩን አልበላሁም› አልኩሽ። በልቼው ነበር። እናቴ ለክረምቱ አልደረሰችም።»

ይህን በሃያ ዓመት አንድ ቀን ነግሯቸው አያውቅም። የልጃቸው፣ የሶሬሳ እናት ሞት፣ ሐኪም የነገራቸው ስም ነበረው፤ ወይዘሮ ወርቄ ስሙን እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ። ልጁ ግን ሌላ ስም ሰጥቶት ኖሯል፤ ስኳር ብሎታል። ሊነኩት እጃቸውን ዘረጉ፤ እጃቸው መሐል ላይ ቀረ።

«ፈትቼሃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እኔው ያሰርኩትን እኔው ፈትቻለሁ። ውጣ።»

«መሐላ እንዲህ አይፈታም እምዬ።»

ሙጠሊብ ሰዓቱን አየ። «የቤተሰብ ነገር ማታ ትጨርሱታላችሁ። አምስት ተኩል ሆኗል። ጫቱ በሰባት ይገባል፤ ከሰባት በኋላ ሪሞት የሚይዝልኝ ሰው የለም፣ ነገ ደግሞ ዓርብ ነው። ፈርም ወንድሜ፤ ካልሆነም እናንሳና ከሰዓት ትፈርማለህ።» ተነስቶ በሩን ከፈተና ለቀጭኑ ሰውዬ በእጁ ምልክት ሰጠው። ከበሩ ባሻገር ሽብሩ የጄኔሬተሩን ሰንሰለት መንጠቆው ላይ እያጠለቀ ነው። ኮፍያውን አጥብቆ አስሯል።

ወይዘሮ ወርቄ ወጡ። ማንም ወዴት እንደሚሄዱ አልጠረጠረም፤ ወደ ቤት የሚሄዱ መስሏቸው ዘበኛው በሩን ሊከፍትላቸው ነበር። እሳቸው ግን በአሸዋው ላይ ቀስ እያሉ ሄደው ጄኔሬተሩ ጋ ደረሱ፣ ባዶውን ሳህን መሬት አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው እንጨት አጋዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ጃንጥላቸውንም ዘረጉ።

«እትዬ!» አለ ሽብሩ። «ሊነሳ እኮ ነው!»

«ይነሳ። ከነእኔ አንሱት።»

መጀመሪያ የሳቀው ባለ ሪሞቱ ነው። ከዚያ ፎቁ ላይ ያሉት ብሎኬት ደርዳሪዎች ሳቁ፤ አንዱ «አዬዮ፣ ጣሪያ ላይ ባል አግኝተሻል እንዴ?» ብሎ ጮኸ። «አንተን ነው ያገኘሁት፣ ጠብቀኝ!» አሉት። ሙጠሊብ እየሮጠ መጣ። እማማ ይነሱ፣ ጨዋታ አይደለም አለ። እኔም አልተጫወትኩ አሉት። ዘበኛውን ጠርቶ አንሳቸው አለው። ዘበኛው እጁን ኋላው አድርጎ ቆመ፤ እናቴን የምታክል ሴት እጅ አልይዝም፣ ከፈለግክ አንተው ያዝ አለው። ሙጠሊብም አልያዘም። ባለ ሪሞቱ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ።

ሶሬሳ ፊታቸው ቆመ። «እምዬ፣ ተነሽ። በእናትሽ።»

«ለምን?»

«አደጋ አለው።»

«ክሬኑ ደህና ነው ብለህ ልትፈርም አልነበር? ደህና ከሆነ ምን አስፈራህ?»

ሶሬሳ ወደ መንጠቆው ቀና አለ።

«ለሽብሩ ደህና የሆነ፣ ለእኔ ሲሆን ለምን ይጠፋል?» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «የማልከው እኔ እንዳልሞትብህ ነው። ይኸው እኔ፣ ከሥሩ ነኝ። ሳታየው ከተነሳ የምሞተው እዚሁ ነው። አሁን መሐላህን ጠብቅ እስቲ፤ በየትኛው በኩል እንደምትጠብቀው አያለሁ።»

ሶሬሳ ላቡን ከአገጩ ጠረገ። ከዚያ ዞሮ ወደ ኮንቴይነሩ ሄደ፤ ወይዘሮ ወርቄ ሊፈርም የሄደ መሰላቸው። ሲመለስ ቀበቶውን ታጥቋል። መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘና፣ ግንባሩን ብረቱ ላይ አንድ ጊዜ አስደግፎ፣ ወጣ።

ቀና አላሉም። ቀና ካሉ «ውረድ» እንደሚሉ ያውቁታል። የሽብሩን ፊት ነበር የሚያዩት፤ የሽብሩ አንገት ትንሽ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ልጃቸው ትንሽ ወጥቷል፣ ኮፍያው ሊወድቅ ሲል ጫፍ ደርሷል ማለት ነው። ቀትሩ ጃንጥላውን አልፎ አናታቸውን ይጠብሳል፤ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ሰንሰለቱን ጥቂት ያንቀጫቅጨዋል። ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ አያውቁም። የሽብሩ ፊት በድንገት ተለወጠ።

«ምንድን ነው? ወደቀ?»

«አልወደቀም። እጁን እያወዛወዘ ነው። ከሥር ውጡ እያለ ነው።»

ሁሉም ሸሹ፤ ባለ ሪሞቱ ሳይቀር። ሽብሩ ክንዳቸውን ይዞ ሊያነሳቸው ሞከረ። «እሱ እላይ እያለ እኔ የት ልሄድ ነው?» አሉት። ሽብሩ ለአፍታ አመነታና እሱም ከአጠገባቸው አልሄደም፤ ሰንሰለቱን ከመንጠቆው ማላቀቅ ጀመረ።

ሶሬሳ ወርዶ መሬት ሲረግጥ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ቃሉ ተቆራርጦ ነው የወጣው። ክሬኑ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ራሱን የሚያቆምበት መሣሪያ አለ፤ አንድ ሰው በሽቦ ጠፍሮ አስሮታል፣ ምንም ያህል ቢጫን እንዳያቆም። የክንዱ ሥር ላይ ያሉት ሁለት ቡሎኖች ደግሞ በጣቱ ሲነካቸው ዝገታቸው እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ከታች ግን፣ በመነጽርም፣ ቀለም የተቀቡ ደህና ቡሎኖች ነበሩ። ወረቀቱን አምጡልኝ አለ። ራይት የተደረገባቸውን ሣጥኖች አንድ በአንድ ሰርዞ «አይሠራም» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። ሙጠሊብ ወረቀቱን አላነበበውም። ስልኩን አውጥቶ ለቢሮህ እደውላለሁ፣ በሽቦው ማን እንዳሰረው እኔ የማውቀው ነገር የለም፣ አንተ ግን ሳታይ ስትፈርምልኝ እንደነበር እነግራቸዋለሁ አለ።

ያን ጊዜ ሽብሩ ጓንቱን አወለቀ።

«ሳያይ ሲፈርምልህ ነበር?» አለ። ፊቱን ወደ ሶሬሳ አዞረ። «የባልባላው ክሬንስ? ሁለት ሳምንት እኮ ከሥሩ ውያለሁ።»

ሶሬሳ አሸዋውን አየ። «አልወጣሁበትም።»

ሽብሩ አልጮኸም። ጓንቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ መልሶ አወጣው፣ የሚያደርግበት አጣ። ወይዘሮ ወርቄ ሊናገሩለት የፈለጉት ብዙ ነበር፤ የእኔ ጥፋት ነው፣ ልጄን አትጥላው፣ ያፌ ልማድ ነው። አንዱም ከከንፈራቸው አላለፈም። የልጃቸው ሥጋ እንዳይጎዳ ያሰሩት ቋጠሮ የሰው ልጅ አናት ላይ ሲንጠለጠል ከርሟል፤ ለዚህ ምን ተብሎ ይቅርታ ይጠየቃል?

«ሳትወጣ የፈረምክላቸው ስንት ናቸው?» አሉ በምትኩ፣ ወደ ሶሬሳ ዞረው።

«ሌሎቹ በመኪና ላይ የሚሄዱ ክሬኖች ናቸው፣ ከመሬት ይታያሉ። ያልወጣሁባቸው ሁለት ናቸው። የባልባላውና ወደብ መንገድ ላይ ያለው።»

«አሁን እየሠሩ ነው?»

«እየሠሩ ነው።»

ወይዘሮ ወርቄ ጃንጥላቸውን አጥፈው እሱን ተመርኩዘው ከአጋዳሚው ተነሱ። ቀሚሳቸው ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ጎትተው አላቀቁት።

«እምዬ፣ ነገ አያቸዋለሁ። አየሽ፣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል።»

«የእኔም ይንቀጠቀጣል» አሉት። «ተነስ። ወደ ባልባላ የሚሄደው ሚኒባስ ከየት በኩል ነው የሚያዘው?»